አዲስ ተማሪ ሲገባ የሚያየው ዴስክቶፕ፦ የላብ ሥራ ማስታወሻ

ሥራው

የትምህርት ቤቱ ላብ ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚዘጋጁት ከአንድ ማስተር ነው። አንዱን ኮምፒውተር አስተካክለን እንጨርሳለን። ኢሜጁን፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ እናነሳለን። ሌሎቹ ላይ እንጭነዋለን። ፕሮግራሞቹ፣ ፕሪንተሩ፣ ፎንቶቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ማስተሩ ላይ ያስተካከልነው የዴስክቶፕ መልክ ግን አይሄድም። ተማሪው በራሱ አካውንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የሚጠብቀው ዊንዶውስ ይዞት የመጣው ሥዕል፣ ትንሿ ነጭ ቀስትና ብርሃን አሳላፊ ሜኑ ነው።

ይህን ለማስተካከል የተነሳሁት በዘጠነኛ ክፍል ልጆች ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ስልክ ይነካካሉ እንጂ ማውዝ ይዘው አያውቁም። የላቡ መስኮቶች ወደ ምሥራቅ ስለሆኑ ጠዋት ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ነጭ ቀስት ነጭ ገጽ ላይ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይታይም። "ቲቸር፣ ቀስቷ ጠፋችብኝ" የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። የክፍለ ጊዜው ግማሽ ቀስት ፍለጋ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ የሚያዩት ነገር ጎልቶ የሚታይ፣ ያልተጨናነቀ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚያናግራቸው ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለአንድ ተማሪ ብቻ ማስተካከል ቀላል ነው። ገና ላልተፈጠረ አካውንት ማስተካከል ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ማሽኖቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11 ፕሮ ነው። ፕሮ መሆኑ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። ሆም ኤዲሽን የግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን ሴቲንግ በሕግ የምንወስንበት መሣሪያ፣ የለውም።

ሰኞ ጠዋት

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስቀምጥ።

አዲስ አካውንት መጀመሪያ ሲገባ ዊንዶውስ ከባዶ አይነሳም። ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ዲፎልት የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ። ዊንዶውስ እሱን ገልብጦ ለአዲሱ ሰው የግል ፎልደር ያወጣለታል። የዚያ ሰው ሴቲንግ የሚቀመጥበት ፋይል ኤንቲዩዘር ዶት ዳት ይባላል። እሱም ከዲፎልት ይገለበጣል። ስለዚህ የዲፎልቱን ፋይል አስቀድሞ የነካ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን አካውንቶች ሁሉ ነካ ማለት ነው።

የነካሁት እንዲህ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፈትኩ። በሬግ ሎድ ትዕዛዝ የዲፎልቱን ፋይል ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚመዘግብበት ቋት) ላይ ጊዜያዊ ስም ሰጥቼ ጫንኩት። ከዚያ በሬጂስትሪ ኤዲተር እየገባሁ የሚከተሉትን ቀየርኩ።

የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ አደረግኩ። ተማሪ ሥዕሉንና ጽሑፉን በዓይኑ ለይቶ እንዲያውቅ ይህ ያስፈልጋል። "ዚስ ፒሲ" የሚለው አይከን ዴስክቶፕ ላይ እንዲወጣ አደረግኩ። ፍላሽ ሲሰኩ የት እንደሚገቡ ግራ ስለሚገባቸው ነው። ትራንስፓረንሲውን አጠፋሁ። ጀርባው የሚያሳልፍ ሜኑ ላይ ጽሑፍ ማንበብ ለጤነኛ ዓይንም አድካሚ ነው። የግራፊክስ አቅማቸው ደካማ የሆኑት ማሽኖችም ትንሽ ይተነፍሳሉ። በመጨረሻ ዎልፔፐር የሚለው ቦታ ላይ የራሳችንን ሥዕል አድራሻ ጻፍኩ።

ስትጨርሱ ፋይሉን በሬግ አንሎድ መልሶ ማውጣት ግድ ነው። ሬጂስትሪ ኤዲተሩ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ከሆነ "አክሰስ ዲናይድ" ይላል። ኤዲተሩን ዘግታችሁ ድገሙት። ፋይሉ ሳይወጣ ከቀረ አዲስ አካውንት ሲገባ ፕሮፋይሉን መፍጠር ይቸግረዋል።

ሰኞ ከሰዓት

አዲስ የሙከራ አካውንት ከፍቼ ገባሁ። ኤክስቴንሽኑ ይታያል። አይከኑ አለ። ትራንስፓረንሲው ጠፍቷል። ዎልፔፐሩ ግን ያው የፋብሪካው ነው።

ይህ ብዙ ሰው የሚሰለችበት ቦታ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ዊንዶውስ ውስጥ አክቲቭ ሴትአፕ የሚባል አሠራር አለ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ መጀመሪያ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ትዕዛዞች እዚያ ተመዝግበዋል። ከነዚህ አንዱ የቲም ዝግጅት ነው። ቲም (theme) ማለት ሥዕሉን፣ ቀለሙን፣ ቀስቱንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዝ የመልክ ጥቅል ነው። እሱ ሲሠራ ሬጂስትሪው ውስጥ ኢንስቶል ቲም ተብሎ የተመዘገበውን የቲም ፋይል አንስቶ አዲሱ ሰው ላይ ይጭናል። ዲፎልቱ ውስጥ የጻፍነው ዎልፔፐር ቀድሞ ይገባል። ቲሙ ከኋላ መጥቶ ይሸፍነዋል። ቲም የማይነካቸው ነገሮች፣ ማለትም ኤክስቴንሽን፣ አይከንና ትራንስፓረንሲ፣ በቦታቸው ይቀራሉ።

ስለዚህ መልክን በዲፎልት ፕሮፋይል በኩል ማስገባት ትርፉ ድካም ነው። መልክ በቲም መምጣት አለበት።

ሦስት መንገድ አለ። አንዱ የዊንዶውስን የራሱን ሥዕል በእኛ ሥዕል መተካት ነው። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። እኔ አልወደውም። ፋይሉ የትረስትድ ኢንስቶለር፣ ማለትም የዊንዶውስን ፋይሎች የሚጠብቀው አገልግሎት፣ ንብረት ነው። ባለቤትነቱን በግድ ነጥቆ ፈቃዱን መቀየር ይጠይቃል። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ የራሱን ሥዕል መልሶ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ሁለተኛው ኮፒ ፕሮፋይል ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው መንገድ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የመጀመሪያው የጥያቄ ገጽ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ሲጫኑ ኦዲት ሞድ ይገባል። እዚያ ውስጥ አብሮ በተሠራው አድሚኒስትሬተር አካውንት ሁሉን ነገር ታስተካክላላችሁ። ከዚያ አንሰር ፋይሉ ላይ (የዊንዶውስ ጭነት ጥያቄዎች መልስ አስቀድሞ የሚጻፍበት ፋይል) ኮፒ ፕሮፋይል "ትሩ" ይባላል። ማስተሩን ለኢሜጅ የሚያዘጋጀው ሲስፕረፕ የሚባል መሣሪያ ከሠራ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ያ ፕሮፋይል ወደ ዲፎልት ይገለበጣል። የእኛ ማስተር ግን በተራ አካውንት ተሠርቶ አልቋል። ከዚያም በላይ ኮፒ ፕሮፋይል የሚያመጣው የሚፈለገውን ብቻ አይደለም። አድሚኒስትሬተሩ በሥራው መሃል የነካካው ሁሉ አብሮ ይገለበጣል። የትኛው ሴቲንግ ከየት እንደመጣ በኋላ ማጣራት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ግሩፕ ፖሊሲ ነው። "ሎድ ኤ ስፔሲፊክ ቲም" የሚል አለ። አዲስ ሰው መጀመሪያ ሲገባ የምትነግሩትን የቲም ፋይል ይጭናል። ከዚያ በኋላ ሰውየው እንደፈለገ ቢቀይረው አይከለክልም። የምፈልገው ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ሥዕሉ

ቲሙን ከመሥራት በፊት ሥዕሉ።

ሞኒተሮቻችን ድብልቅ ናቸው። ሰፊዎቹ 1920 በ1080 ናቸው። አንዳንዶቹ 1366 በ768። ጥግ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ደግሞ 1280 በ1024፣ ማለትም ወደ አራት ማዕዘን የተጠጉ ናቸው። አንድ ሥዕል ለሁሉም መሥራት አለበት። ሥዕሉን 1920 በ1080 አዘጋጅቼ "ፊል" በሚለው አቀማመጥ ከተጠቀምኩ፣ አሮጌዎቹ ሞኒተሮች ላይ ከግራም ከቀኝም ወደ 285 ፒክሰል ይቆረጣል። "ስትሬች" ባደርገው ሥዕሉ ይጨመደዳል። "ፊት" ካልኩት ከላይና ከታች ጥቁር ሰሌዳ ይቀራል። ፊል ይሻላል። ግን ዳር ላይ ምንም ቁምነገር መጻፍ አይቻልም። የግራው ዳር የአይከኖች ቦታ ስለሆነ እዚያ ጽሑፍ ቢኖርም አይነበብም።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ሆነ። ጀርባው አንድ ወጥ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። የተለያዩ ቀለሞችን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ከበሩ ጋ ቆሜ አይቻለሁ። ነጭ ጀርባ ያንጸባርቃል። ፎቶ ያለበት ጀርባ የአይከኖቹን ስም ይውጣል። ወጥ ጠቆር ያለ ቀለም ላይ ነጭ የአይከን ስም ጥርት ብሎ ይነበባል።

የጻፍኩት የትምህርት ቤቱን ስምና ሦስት አጫጭር መስመሮችን ነው። ሥራህን በራስህ ፎልደር አስቀምጥ። ፍላሽህን ከመንቀልህ በፊት "ኢጀክት" በል። ስትጨርስ "ሳይን አውት" አድርግ። ወንድ ወንድ እንዳይመስል የአይሲቲ መምህርቷ "ሥራችሁን" እያልን በብዙ ቁጥር እንድናደርገው ነገሩኝ። ልክ ናቸው። ቀየርኩት።

አማርኛው ሥዕሉ ውስጥ ታትሞ ስለሚገባ የፎንት ችግር የለበትም። ሰነዶች ላይ ግን ችግር አለ። ኒያላ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ኦፕሽናል ፊቸር ሆኗል። "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" ብላችሁ ፈልጋችሁ ካላስገባችሁት የለም። ያለ እሱ አማርኛው በኢብሪማ ይታያል። ይነበባል፣ ግን በኒያላ የተሠራ የፈተና ወረቀት መስመሩ ይዛባል። ማስተሩ ላይ ኢንተርኔት ባለበት አስገባሁት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቲሙ

የቲም ፋይል እንደ ምስጢር የሚታይ ነገር አይደለም። በኖትፓድ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ ነው። በቅንፍ ርዕስ የተከፋፈሉ መስመሮች አሉት። አንዱ ክፍል ዎልፔፐሩን ይነግረዋል፣ አንዱ ቀለሙን፣ አንዱ የማውዙን ቀስት፣ አንዱ ድምፁን።

ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ ማስተሩ ላይ በእጅ አስተካክዬ ሴቭ ማድረጉን መረጥኩ። ሥዕሉን አስቀመጥኩ። ቀለሙን ላይት ሞድ አደረግኩ። ዳርክ ሞድ ለአንዳንድ ዓይን ይመቻል፣ ብርሃን በሞላበት ክፍል ግን ጽሑፉ ይደበዝዛል። ማውዝ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቼ "ዊንዶውስ ብላክ ኤክስትራ ላርጅ" የሚለውን ቀስት መረጥኩ። ጥቁርና ትልቅ ነው፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር አለው። ነጭ ገጽ ላይም ጠቆር ያለ ጀርባ ላይም ይታያል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ለተማሪው ትልቁ ጥቅም ይህ ቀስት ይመስለኛል። ድምፁን "ኖ ሳውንድስ" አደረግኩ። ሠላሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል እያንዳንዱ ስህተት "ድንግ" ሲል መምህር ማስተማር አይችልም።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ቲምስ ውስጥ ገብቼ ሴቭ አልኩት። ፋይሉ የሚቀመጠው የዚያው ሰው አፕዳታ ውስጥ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ቲምስ የሚለው ፎልደር ነው።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ስትከፍቱት ዎልፔፐር የሚለው መስመር የሥዕሉን አድራሻ ይዟል። ያ አድራሻ ብዙ ጊዜ የማስተሩ ባለቤት የግል ፎልደር ነው። ተራ ተማሪ እዚያ ፎልደር ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ኢሜጁ ሲወርድ ያ አካውንት ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ውጤቱ ጥቁር ዴስክቶፕ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዌብ የሚለው ስር ለትምህርት ቤቱ የከፈትኩት ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። እዚያ ያለውን ማንም ተጠቃሚ ማንበብ ይችላል፣ መቀየር ግን አይችልም። የቲሙ መስመር ላይ ይህንን አድራሻ ጻፍኩ። የድራይቩን ፊደል ቀጥታ ከመጻፍ በመቶኛ ምልክቶች መሃል ሲስተምሩት ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሌሎች ያየኋቸው መስመሮች፦ ዎልፔፐር ስታይል 10 ሲሆን ፊል ማለት ነው። ታይል ዎልፔፐር 0 መሆን አለበት፣ አለዚያ ትንሽ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ይደጋገማል። ኦቶ ከለራይዜሽን የሚለውን 0 አደረግኩት። 1 ከሆነ ዊንዶውስ ከሥዕሉ ላይ ራሱ ቀለም ይመርጣል። ተማሪው ሥዕሉን በቀየረ ቁጥር የቁልፎቹ ቀለምም ይቀያየራል። ለጀማሪ አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻላል።

የፋይሉን ስም አጭር፣ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ አደረግኩት። ከዚያ ዊንዶውስ፣ ሪሶርስስ፣ ቲምስ የሚለው ፎልደር ውስጥ አስገባሁት። እዚያ የገባ ቲም ለማንኛውም ተጠቃሚ የቲም ምርጫው ውስጥ ይታያል። ይህን ሳይ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ያንኑ ቀስትና ያንኑ ጸጥታ ይዘው ሥዕላቸው ብቻ የተለየ ተጨማሪ ቲሞች ሠራሁ። አንዱ ሰማያዊ ጀርባ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ተማሪዎች ራሳቸው የሳሉት የግቢው ዛፍ። ልጁ መቀየር ሲያምረው ቅርቡ የሚያገኘው ደህና ምርጫ ይሁን ብዬ ነው።

ረቡዕ፣ ፖሊሲው

ጠዋት ከመምህርቷ ጋር ተነጋገርን።

"ለምን አትቆልፈውም?" አሉኝ። "ነገ መጥተህ ስታየው አንዱ ኳስ ተጫዋች፣ አንዱ ዘፋኝ ለጥፎበት ታገኘዋለህ።"

"ይለጥፉ ቲቸር። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ነው። የአንዱን ሌላው አያይበትም።"

"ትኩረታቸው ይበተናል ብዬ ነው እንጂ…"

"የመጀመሪያ ቀን ይለጥፋሉ። ሲለጥፉ ግን ሴቲንግስ ውስጥ መግባት፣ ፋይል መፈለግ፣ መመለስ ይማራሉ። እርስዎ ሊያስተምሯቸው ከሚያስቡት ውስጥ ነው።"

ዝም ብለው አሰቡና "እሺ፣ ግን የመጀመሪያው ደህና ይሁን" አሉኝ።

ለመቆለፍ ፖሊሲ ሞልቷል። "ዴስክቶፕ ዎልፔፐር" የሚለው ሥዕሉን ያስገድዳል። ተማሪው ሊቀይረው አይችልም። ቲም መቀየርን ጭራሽ የሚከለክልም አለ። እኔ አንዱንም አልነካሁም። ዓይኑ የሚደክም አንድ ልጅ አለን። የዊንዶውስ ከፍተኛ ኮንትራስት ቲም ነው የሚያነበው። ግራ አልት፣ ግራ ሺፍትና ፕሪንት ስክሪን አንድ ላይ ሲጫን ይመጣለታል። ይህን ልጅ የሚያስቸግር መቆለፊያ እኔ በምሠራው ኮምፒውተር ላይ እንዲኖር አልፈልግም። የዲፎልት ሥራ ምንም ለማያውቀው ጥሩ መነሻ መስጠት ነው። የሚያውቀውን መያዝ ሥራው አይደለም።

የፖሊሲው ቦታ፦ ዩዘር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ፐርሰናላይዜሽን። እዚያ "ሎድ ኤ ስፔሲፊክ ቲም" አለ። ኢኔብልድ ብዬ የቲሙን ፋይል ሙሉ አድራሻ ሰጠሁት።

በቀጥታ ኤዲተሩን ከፍታችሁ ብታስገቡት ለሁሉም ሰው ይሠራል፣ ለአድሚኒስትሬተሮችም ጭምር። እኔ ለተማሪዎችና ለመምህራን ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ። ኤምኤምሲ (የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ መስኮት) ከፍቼ ግሩፕ ፖሊሲ ኦብጀክት ኤዲተር የሚለውን ስናፕ ኢን ሳስገባ፣ ብራውዝ ብዬ ዩዘርስ ከሚለው ታብ "ነን አድሚኒስትሬተርስ" መረጥኩ። ፖሊሲውን እዚያ ላይ አስቀመጥኩት። ዶሜይን ሰርቨር (ሁሉንም ማሽን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር) ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቀውም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሙከራ

አዲስ አካውንት። ገባሁ። አረንጓዴው ጀርባ፣ ጥቁሩ ትልቅ ቀስት፣ ጸጥታው፣ ሁሉም አለ። ሰኞ ዲፎልት ፕሮፋይል ላይ የጻፍኩት ኤክስቴንሽንና አይከንም በቦታቸው ናቸው። ሁለቱ መንገዶች አይጋጩም። ቲም የሚሸከመው በቲም፣ የማይሸከመው በዲፎልት ፕሮፋይል።

ቀጥዬ ዎልፔፐሩን በሌላ ቀየርኩ። ሳይን አውት አድርጌ ተመለስኩ። የቀየርኩት እንዳለ ነው። ፖሊሲው የሚሠራው የመጀመሪያ መግቢያ ላይ ብቻ መሆኑን በዚህ አረጋገጥኩ።

ለምትሞክሩ አንድ ነገር። ያንኑ አካውንት መልሳችሁ "አዲስ" ለማድረግ ዩዘርስ ውስጥ ያለውን ፎልደር ዝም ብላችሁ አትሰርዙ። ሬጂስትሪው ሰውየውን አሁንም ያውቀዋል፣ ፎልደሩን ሲያጣ በጊዜያዊ ፕሮፋይል ያስገባዋል። ውጤቱም ያሳስታችኋል። አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘር ፕሮፋይልስ አለ። ከዚያ ሲሰረዝ ሁሉም አብሮ ይጠራል።

በዚያው የአማርኛ ኪቦርዱንም ጨረስኩ። ሪጅን የሚለው የድሮው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ አድሚኒስትሬቲቭ ታብ አለ። "ኮፒ ሴቲንግስ" ስትሉ፣ ለዌልካም ስክሪንና ለአዲስ ተጠቃሚዎች ይገልበጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለአዲስ ተጠቃሚዎች የሚለውን ምልክት አደረግኩ። አዲሱ አካውንት እንግሊዝኛና አማርኛ ይዞ ተከፈተ። ዌልካም ስክሪኑን ግን እንግሊዝኛ ብቻ ተውኩት። ፓስወርድ ሲጽፉ ሳያውቁት አማርኛ ላይ ከሆነ በር ላይ ይቀራሉ።

ሐሙስ፣ ሲስፕረፕና ኢሜጅ

ከሲስፕረፕ በፊት ማስተሩን እንዳለ አንድ ኮፒ አነሳሁ። ሲስፕረፕ ቢበላሽ ወይም በኋላ የሚጨመር ነገር ቢመጣ የምንመለሰው እዚያ ነው።

ሲስፕረፕ የመጀመሪያው ላይ እምቢ አለ። እምቢታው ይታወቃል። ስቶር ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ አፕዴት ያደረገው ወይም የጫነው አፕ ካለ "ለሁሉም አልተጫነም" ብሎ ይቆማል። የትኛው አፕ እንደሆነ ሲስተም 32፣ ሲስፕረፕ፣ ፓንተር ውስጥ ያለው ሴትአፕአክት የሚባል ሎግ ስሙን ይናገራል። በፓወርሼል አፑን አስወገድኩት። ከዚያ በኋላ የኔትወርክ ገመዱን ነቀልኩት፣ ስቶር ሌላ እንዳይጨምር። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) የበራበት ዲስክ ካላችሁም ሲስፕረፕ አይሄድም፣ አስቀድማችሁ አጥፉት።

የሲስፕረፕ ምርጫዎቼ ጀነራላይዝ፣ ኦኦቢኢና ሻትዳውን ነበሩ፦ የማሽኑን የራሱን መለያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ሲነሳ ከመነሻ ጥያቄዎቹ መጀመር፣ መዝጋት። አንሰር ፋይሉ ሎካል አድሚኒስትሬተር አካውንት ይፈጥራል፣ የመነሻውን ጥያቄዎች ያልፋል። ሳይኖር ቢቀር እያንዳንዱ ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ መመለስ ነው።

ኢሜጁን ያነሳሁት በክሎንዚላ (ነጻ የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም)፣ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ክሎንዚላ በተለመደው አሠራሩ ከትልቅ ዲስክ የተነሳን ኢሜጅ ትንሽ ዲስክ ላይ አይጭንም። ስለዚህ ማስተሩ ከላቡ ዲስኮች ሁሉ ትንሹ ያለበት ማሽን ነው።

ዓርብ

ጭነቱ ተጀመረ። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ የነበራቸው ጨረሱ። ያልነበራቸው ግማሽ ላይ ቀሩ። ግማሽ የተጻፈ ዲስክ ከመጀመሪያው ከመጫን ውጪ ዘዴ የለውም። መብራት ሲመጣ ቀጠልን።

ሲያልቅ የተማሪዎቹ አካውንት ከስም ዝርዝሩ በአንድ ትንሽ ስክሪፕት፣ በኔት ዩዘር ትዕዛዝ ተፈጠረ። ከየረድፉ አንዳንድ ማሽን ላይ ገብቼ አየሁ። ሰፊው ሞኒተር ላይ ሥዕሉ ሙሉ ነው። አሮጌዎቹ ላይ ዳሩ ተቆርጧል፣ ጽሑፉ ግን እንዳለ ነው።

የመጀመሪያ መግቢያው ረጅም ነው። ያ "ሃይ" እያለ የሚቀያየረው ስክሪን ጀማሪውን ያደናግራል፣ ተበላሸ ብሎ ማሽኑን የሚያጠፋም አለ። እሱንም በፖሊሲ ማስቀረት ይቻላል። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ሲስተም፣ ሎግኦን ውስጥ "ሾው ፈርስት ሳይን ኢን አኒሜሽን" የሚለው ዲሴብልድ ይደረጋል። ለተጫኑት ማሽኖች በኤልጂፒኦ አደረስኩት። ይህ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው መሣሪያ ነው፤ ሎካል ፖሊሲን ከአንድ ማሽን አውጥቶ ሌላው ላይ በኮማንድ ያስገባል።

ቀጣዩ ሰኞ

ዘጠነኛ ክፍል ገቡ። ከኋላ ቆሜ አየሁ። ቀስት ጠፋ ያለ አልሰማሁም። አንዷ "ቲቸር፣ ለምንድነው የዚህ ቀስት ጥቁር የሆነው?" ብላ ጠየቀች። መምህርቷ "እንድታዪው" አሏት። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ከኋላ ረድፍ ሁለት ልጆች የዛፉን ቲም አግኝተው መርጠዋል። ማንም አላሳያቸውም።

አንድ የሚስተካከል ነገር አለ። ፕሮጀክተር የተሰካበት የመምህርቷ ማሽን ላይ አረንጓዴው ግድግዳው ላይ ሲወጣ ጭቃ ይመስላል። የእሳቸው አካውንት ተከፍቶ ስለነበር ፖሊሲው ከእንግዲህ አይነካውም። ሰማያዊውን ቲም ሁለቴ ክሊክ አድርጌ አስገባሁላቸው። ወደዱት።

የቀረው ላይብረሪ ነው። እዚያ ያሉትን ማሽኖች እንደገና ኢሜጅ ማድረግ አያስፈልግም፣ ሰዎች ፋይል አላቸው። የሥዕሉን ፎልደር፣ የቲም ፋይሎቹን፣ የኤልጂፒኦ ባክአፑንና ዲፎልት ፕሮፋይሉን የሚቀይረውን ስክሪፕት አንድ ፍላሽ ላይ አድርጌያለሁ። አዲስ አባላት አዲሱን መልክ ያገኛሉ። የነባሮቹ እንዳለ ይቆያል፣ የፈለገ ቲምስ ውስጥ ገብቶ ይመርጣል። ማክሰኞ ከሰዓት ላይብረሪው ሲዘጋ እጀምራለሁ።